«አባትየው እናት ይሆናል» ወይስ «ትሆናለች»? የክላውን ዓሣ ፆታ በዐማርኛ ዐረፍተ ነገር

ተርጓሚዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለልጆች ስለ ክላውን ዓሣ በማዘጋጀው ጽሑፍ ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር አላላውስ ብሎኛል። ፒክሳር እ.ኤ.አ. በ2003 ለእይታ ያበቃው «ኒሞን ፍለጋ» የተሰኘው የአኒሜሽን ፊልም ሲጀምር፣ ባራኩዳ የተባለው አዳኝ ዓሣ የክላውን ዓሣ ቤተሰብ እናቲቱንና ከአንዱ በቀር ዕንቁላሎቹን ሁሉ ይፈጃል፤ አባትየውም የተረፈለትን ልጅ ብቻውን ያሳድጋል። በተፈጥሮ ግን እንስቲቱ ስትሞት አብሯት የኖረው ተባዕት ራሱ ወደ እንስትነት ይለወጣል። ይህን ለማስረዳት «እናትየዋ ከሞተች በኋላ አባትየው እናት ይሆናል፤ ከዚያም ዕንቁላል ይጥላል» ብዬ ጻፍኩ። «ይጥላል» የሚለው ጆሮዬን ጎረበጠኝ። «አባትየው ዕንቁላል ትጥላለች» ስል ደግሞ ባለቤቱና ግሱ ተጣሉብኝ። ግሱ ፆታውን መቀየር ያለበት የት ቦታ ላይ ነው?

ሰዋስው ወዳድ፦
እኅቴ፣ ችግሩ ከግሱ በፊት ከስሙ የሚጀምር ይመስለኛል። ወንድም ሴትም ለሆነ ፍጡር ዐማርኛ «ፍናፍንት» የሚል የቆየ ቃል አለው። ጽሑፍዎ «ፍናፍንቱ ዓሣ» ብሎ ቢነሣ አንባቢው ከመጀመሪያው ስለሚዘጋጅ፣ ግሱ በኋላ ወዲያም ወዲህም ቢል አይደናገርም። ቃሉ ራሱ ከ«ተፈናፈነ» የወጣ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው መንቀሳቀስን ያሳያልና ለዚህ ዓሣ ልክ የተሰፋ ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ወንድሜ፣ በሁለቱም አልስማማም። «መፈናፈኛ» የስፋት ቃል እንጂ የመመላለስ ቃል አይደለም፤ መፈናፈኛ አጣ የሚባለው ቦታ የጠበበበት ሰው ነው። ከሥርወ ቃሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ፍቺው ነው። ፍናፍንት የሚባለው ሁለቱን ፆታ በአንድ ጊዜ የያዘ ነው፤ ይህ ዓሣ ግን አስቀድሞ ተባዕት፣ በኋላ እንስት ነው። ሊቃውንቱ ለዚህ ልዩነት ጥርት ያሉ ቃላት ትተውልናል፦ እንደ ወተትና ውኃ መቀላቀል ቱሳሔ ነው፤ የሎጥ ሚስት የጨው ዐምድ ሆና እንደቀረችው ያለው ውላጤ ነው፤ የሙሴ በትር እባብ ሆና እንደገና በትር እንደሆነችው ያለው ሚጠት ነው። ፍናፍንት በቱሳሔ ወገን ይመደባል። የእኛ ዓሣ ነገር ውላጤ ነው።

የባሕር ሕይወት አጥኚ፦
ሦስቱ ቃላት ለዚህ ዓሣ ምን ያህል እንደሚስማሙ ሳይ ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን በአንደኛው ላይ የምጨምረው አለኝ። የክላውን ዓሣ ዝርያዎች ወደ 30 ይጠጋሉ፤ ሁሉም አድገው ለመራባት ሲደርሱ መጀመሪያ ተባዕት ናቸው። አኔሞኒ በተባለው ተናዳፊ የባሕር እንስሳ ክንዶች መካከል አንድ ቡድን ሆነው ሲኖሩ፣ በአካል የምትበልጠው እንስቲቱ ናት፤ ሁለተኛው የእርሷ ተባዕት ነው፤ የቀሩት ገና ለመራባት ያልደረሱ ሆነው በመጠናቸው ቅደም ተከተል ተራቸውን ይጠብቃሉ። እንስቲቱ ስትሞት ሁለተኛው እንስት ይሆናል፣ ሦስተኛው በእርሱ ቦታ ይተካል። ሐንስ ፍሪከ እና ሲሞኔ ፍሪከ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ተባዕቱ ሳይለወጥ የሚቆየው እንስቲቱ በኃይል ስለምትገዛው ነው። አንዴ እንስት የሆነችው ደግሞ ወደ ተባዕትነት አትመለስም፤ ስለዚህ ሚጠት የለም።

ቱሳሔን ግን ፈጽሞ የለም ማለት ይከብደኛል። የተባዕቱ የመራቢያ ዕጢ ሲመረመር፣ የወንዴ ዘር ከሚያመነጨው ክፍል ጎን ዕንቁላል ሊያፈራ የሚችል፣ ገና ያልነቃ ክፍል ይገኝበታል። ለውጡ ሲመጣ የመጀመሪያው ይከስማል፣ ሁለተኛው ያድጋል። እንግዲህ ተባዕት በምንለው ጊዜ በውስጡ ሁለቱም አሉ፤ «ፍናፍንት» ያሉት ወንድማችን ከእውነቱ ብዙ አልራቁም።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ያልነቃ ነገር ስም አያሰጥም። በዘሩ ውስጥ ዛፉ አለ ብለን ዘሩን ዛፍ አንለውም። ተባዕቱ ዕንቁላል እስካላፈራ ድረስ ተባዕት ነው፤ ስሙም ግሱም ተግባሩን ሊከተሉ ይገባል።

አንጋፋ አባል፦
ልጆቼ፣ በዚህ ጉባኤ ከብዙዎቻችሁ ቀድሜ ስለተቀመጥኩ አንድ ነገር ልበል። ውላጤ፣ ቱሳሔና ሚጠት አምላክ ሰው የሆነበትን ምሥጢር በሚያስረዳው በምሥጢረ ሥጋዌ ትምህርት «ያለ ውላጤ፣ ያለ ቱሳሔ፣ ያለ ሚጠት» እየተባሉ በአሉታ የሚነገሩ ከባድ ቃላት ናቸው። በሐሙስ ከባሕር ለተገኘው ፍጥረት እንዲህ በቀላሉ ማዋል አይገባም፤ ለልጆች መጽሐፍማ ጭራሽ አይሆንም። «መለወጥ» የሚለው ዐማርኛ ይበቃል። «ፆታ» የሚለውም ቢሆን በቀደመው አገባቡ ክፍል፣ ወገን፣ ረድፍ ማለት ነው፤ የባሕር ሕይወት አጥኚዋ የነገሩን የተራ ጥበቃ ከዚህ የቀደመ ፍቺ ጋር መግጠሙን ልብ በሉልኝ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
አባቴ፣ ክብርዎን ጠብቄ እመልሳለሁ። «ለወጠ» ራሱ የግእዙ «ወለጠ» ነው፤ ዐማርኛው ፊደላቱን አቀያየረ እንጂ ሌላ ቃል አላመጣም። «መለወጥ» ካልን ውላጤን ተናግረናል። ስለ «ፆታ» ያነሡት ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ዓሣው ከረድፍ ወደ ረድፍ ያልፋል ብንል ሁለቱም ፍቺዎች በአንድ ቃል ይያዛሉ።

ሰዋስው ወዳድ፦
ማንም ያላነሣው ሌላ መሰናክል አለ። ዐማርኛ በአንስታይ ፆታ የሚጠቀመው ለእንስት ብቻ አይደለም፤ ለትንሽ ነገርና ለሚወደድ ነገርም ነው። አንባቢ «ዓሣዋ» የሚለውን ሲያይ ትንሿን ሊያስብ ይችላል፤ እዚህ ግን ከሁሉ የምትገዝፈው እንስቲቱ ናት። «ዓሣዋ መጣች» ተብሎ ቢጻፍ፣ ልጁ በዐይነ ኅሊናው የሚስለው ከዳር የቆመውን ጨቅላ እንጂ የቡድኑን ገዢ አይሆንም። በእኔ እምነት «እንስቲቱ» የሚለው ቃል በየዐረፍተ ነገሩ በግልጽ ሊደገም ይገባዋል።

የባሕር ሕይወት አጥኚ፦
ወደ እኅታችን ዐረፍተ ነገር ልመለስና፣ «እናት ይሆናል» የሚለው አገላለጽ ራሱ መታረም ያለበት ይመስለኛል። ከዕንቁላል የሚወጡት ጨቅላዎች ከወላጆቻቸው ጋር አይቀሩም፤ ሌሊት ይፈለፈሉና ዐሥር ቀን ወይም ከዚያ ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ በሰፊው ባሕር ተንሳፈው፣ ከዚያ ማረፊያ አኔሞኒ ይፈልጋሉ። ከጥንዶቹ ጋር የሚኖሩት ትንንሾች እንደ ደንቡ የሌሎች ልጆች ናቸው። አባትና ልጅ በአንድ አኔሞኒ ሲያድጉ የምናየው በፊልሙ ነው። ስለዚህ «እንስት» እንጂ «እናት» አይባል።

አባትነቱ ግን ሐሰት አይደለም። ዕንቁላሎቹ በአኔሞኒው ግርጌ፣ አስቀድሞ በተጠረገ ድንጋይ ላይ ተጣብቀው ይቀመጣሉ፤ መጀመሪያ ብርቱካንማ ናቸው፣ ሊፈለፈሉ ሲቃረቡ የጨቅላዎቹ ዐይኖች በብር ቀለም ያበራሉ። ተባዕቱ ከላያቸው ቆሞ በደረቱ ክንፎች ውኃውን ያራግብላቸዋል፣ የሞቱትን በአፉ እየለቀመ ያስወግዳል። «አባትየው ዕንቁላሎቹን ይጠብቃል» ብለው ያለ ሥጋት ይጻፉ።

የግሱን ቦታ በተመለከተ፣ ጠባይ ከአካል ይቀድማል። የተረፈው ዓሣ እንግዳን እያባረረ የገዢነቱን ቦታ ፈጥኖ ሲይዝ፣ የመራቢያ ዕጢው ለውጥ ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል።

ተርጓሚዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «እናት» የሚለውን አውጥቼ እንዲህ ጻፍኩ፦ «እንስቲቱ ስትሞት ተባዕቱ ቦታዋን ይይዛል፤ አካሉም ቀስ በቀስ ይለወጣል። እንስት የሆነችው ይህች ዓሣ ከዚያ በኋላ ዕንቁላል ትጥላለች፤ ከእርሷ ቀጥሎ የነበረውም ዕንቁላሎቹን ይጠብቃል።» «ይለወጣል» በተባዕት፣ «ትጥላለች» በአንስታይ ሆነው ነጥቡ መካከላቸው ገባ። ያስኬዳል?

አንጋፋ አባል፦
«ይህች» የሚለው አመልካች ገና በተባዕት ወደተጠራው ዓሣ እንዴት እንደሚያመለክት አልታየኝም። ልጁ ሁለተኛ ዓሣ ከሌላ ቦታ መጣች ብሎ ያነባል።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
«እንስት የሆነችው» የሚለው ቀድሟት ስለገባ አመልካቹ ተሸክሟታል፤ «ሆነችው» በሚለው ላይ ግን ገና ብዙ የምለው አለኝ።