የግጭት ዜና ወደ አንድ ብሔር ማዘንበሉን በምን እናሳይ?

ጥያቄ፦ ሁለት የአማርኛ ጋዜጦች አንድን ግጭት የዘገቡበትን ቋንቋ ማነጻጸር ፈልጌ ነበር። ግልጽ ስድብ የለም፤ ማዘንበሉ ግን ሲነበብ ይታወቃል። ምኑ ይቆጠር?

መልስ 1፦ ከግሡ ይጀምሩ። የአንዱ ወገን ሟች «ተሰዋ»፣ የሌላው «ተደመሰሰ» ከተባለ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ቀጥሎ ገዳዩን ይፈልጉ። «ታጣቂዎች 12 ገበሬዎችን ገደሉ» እና «በተፈጠረ ግጭት የ12 ሰዎች ሕይወት አለፈ» የአንድ ቀን ወሬ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በሁለተኛው ገዳይ ጠፍቷል፣ ባዶ እጁን የነበረው ገበሬም ተፋላሚ መስሏል። «ማንነታቸው ያልታወቁ ታጣቂዎች» የሚለውን ግን ቸኩለው አይፈርጁት፤ ዘጋቢው በእርግጥ ላያውቅ ይችላል። ወገንተኝነት የሚባለው፣ ማስረጃው እኩል ሆኖ ሳለ አንዱ አጥቂ በብሔሩ ሲጠራ ሌላው በደፈናው «ታጣቂ» ሲባል ነው። ምንጮችንም ይዩ፦ ማን «አረጋገጠ»፣ ማንስ «ይላል» ተባለ?

መልስ 2፦ በኮምፒውተር የምትፈልጉ ከሆነ ፊደሉን አስቀድማችሁ አንድ አድርጉ፤ ኃይል፣ ሀይልና ሃይል ለማሽኑ ሦስት ቃላት ናቸው። «ተገደሉ»ን እንደ ሙሉ ቃል ብቻ ብትፈልጉ «መገደላቸው» እና «የተገደሉት» ይቀሩባችኋል፤ «ገደል» ካላችሁ ደግሞ ገደል የገባው አውቶቡስ ይመጣል። የወጣውን ሰው ያንብበው። ከዜናዎቹ የተወሰኑትን ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ይመድቡ፤ የክሪፐንዶርፍ አልፋ (የሁለቱ አመዳደብ ምን ያህል እንደሚስማማ የሚለካ ቁጥር) 0.8 ካልደረሰ የአመዳደብ መመሪያችሁን አስተካክሉ፣ ከ0.667 በታች ከሆነ ውጤቱን አትጠቀሙበት።

መልስ 3፦ በመቁጠሪያ ሠንጠረዣችሁ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩ፦ የታጣቂው ስም ለሕዝቡ ሁሉ ተሰጥቷል ወይ? በሩዋንዳ «ኢንየንዚ» (በረሮ) በ1960ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የታጠቁ የቱትሲ ስደተኞች መጠሪያ ነበር፤ ኋላ ቱትሲ የሆነ ሁሉ ተጠራበት። የሩዋንዳው ካንጉራ ጋዜጣ በ1993 «በረሮ ቢራቢሮ አይወልድም» ብሎ ሕፃኑንም ጨመረ። አዘጋጁ ሀሰን ንገዜ በ2003 በአሩሻው የሩዋንዳ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት፣ በ2007 በይግባኝ 35 ዓመት ሆኖለታል። ሽግግሩ በአንድ ቀን የሚታይ ስላልሆነ፣ የአንድ ሳምንት ሳይሆን የወራት እትሞችን ሰብስቡ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ርዕሱን ከዜናው ጋር ልቁጠረው?

መልስ 1፦ ለይተው ይቁጠሩት። ርዕስ ብዙ ጊዜ የአዘጋጁ እጅ ነው፤ ዜናው ሚዛናዊ ሆኖ ርዕሱ ብቻ ሲያጋድል ይገኛል፤ አብዛኛው አንባቢ ደግሞ እሱን አይቶ ያልፋል።