ረግረጉ ለቤት መሥሪያ እየተሸነሸነ ነው፤ ተጠያቂው የትኛው አካል ነው?

ጠያቂ (ደንገል ዳር)፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በጣና ሐይቅ ዙሪያ ካሉት ከተሞች በአንዷ ነው። ከሰፈራችን በታች እስከ ሐይቁ የሚዘልቅ፣ ደንገልና ፊላ የበቀለበት ረግረግ አለ፤ እናቴ ለበዓል የምትጎዘጉዘውን ቄጠማ የምታጭደው ከዚያ ነበር። ካለፈው ጥር ጀምሮ ግን ገልባጭ መኪኖች ሌሊት ሌሊት ገረጋንቲና የሕንፃ ፍርስራሽ እያመጡ ሲደፉበት ከረሙ፤ አሁን አናቱ ቀይ የተቀባ ችካል በየሃያ እርምጃው ተተክሏል። ቀበሌውን ስንጠይቅ ወደ መሬት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወደ አካባቢ ጥበቃ ተላክን፤ በመጨረሻም «በፕላኑ ላይ ለመኖሪያ የተመደበ ስለሆነ እኛን አይመለከትም» ተባልን። በቦታው ላይ ንብረት የሌለን ነዋሪዎች ለመክሰስ መብት አለን? ካለንስ ከየት እንጀምር?

መልስ (ጠበቃ ከጎንደር)፦

ውድ ጠያቂ፣ መብት አላችሁ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በአንቀጽ 11 ላይ፣ ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳይጠበቅበት በአካባቢ ላይ ጉዳት ባደረሰ ወይም ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይደነግጋል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም በውሳኔው ቅር ከተሰኛችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ትችላላችሁ። ስለዚህ እስካሁን በቃል የጠየቃችሁት ሁሉ በሕግ ፊት እንዳልተጠየቀ ነው፤ ቀኑ የሚቆጠረው ማመልከቻችሁ በመዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ቁጥር ከተሰጠው ጊዜ ጀምሮ ነው።

«በፕላኑ ተመድቧል» የሚለው መልስ ብቻውን የሚያስኬድ አይመስለኝም። በዚያው ዓመት የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299፣ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ያለ ፈቃድ እንዳይጀመር ከመከልከሉም በላይ፣ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ራሱ አስቀድሞ የአካባቢ ጥበቃውን ይሁንታ እንዲያረጋግጥ ግዴታ ይጥልበታል። ሪፖርቱም ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የነዋሪው አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። እኔ በሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት ክፍተት ግን ሌላ ነው። ረግረጉ በአንድ ጊዜ ቢሰጥ ግምገማ ይጠይቅ የነበረውን፣ በትንንሽ ቁራጭ እየተሸነሸነ ለየቤት ሠሪ ማኅበሩ ሲታደል እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ቀላል ግንባታ ይመስላል፤ የድምሩን ጉዳት የሚመዝን ሰው አይገኝም። በማመልከቻችሁ ላይ ስለ አንዱ ችካል ሳይሆን ስለ መላው ረግረግ ጠይቁ። የመዋቅራዊ ፕላኑ ቅጂ፣ ቦታውን ለመኖሪያ ያደረገው ውሳኔ ቃለ ጉባኤ፣ የግምገማ ሰነዱም ካለ እንዲሰጣችሁ በዝርዝር ጻፉ።

መልስ (ቀያሽ)፦

የሕጉን ነገር ጠበቃው በሚገባ ስላስረዱ እኔ ስለ ወሰኑ ልናገር። የጣና ውኃ ከመስከረም እስከ ጥቅምት ከፍታው ላይ ይደርስና እስከ ግንቦትና ሰኔ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ዳርቻው ሜዳ በሆነበት ቦታ ይህች ቁመት ወደ ጎን ስትዘረጋ ብዙ መቶ ሜትር ልትሸፍን ትችላለች። በበጋ የሚለካ ቀያሽ ደረቅ የግጦሽ መሬት አግኝቶ «ባዶ ቦታ» ብሎ ይመዘግባል፤ ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሐይቁ ዳር ያሉት ፎገራና ደምቢያ በጎርፍ ሲጥለቀለቁ ውኃው የገባው የራሱ ወደሆነው ሜዳ ነበር። የባሕር ዳር ከተማም ለዓመታት የጠጣችው በእንፍራንዝ ረግረግ አካባቢ ከሚገኙ ምንጮች ነው፤ ረግረግ ማለት ደለሉን አስቀርቶ ውኃውን የሚያጣራ ሥራ ላይ ያለ መሬት እንጂ ሥራ ፈት መሬት አይደለም። እንግዲህ በመስከረም ውኃው የደረሰበትን ጫፍ፣ ቀኑንና የሚታወቅ ምልክት፣ ለምሳሌ ዋርካ ወይም የመብራት ምሰሶ፣ እያስገባችሁ ፎቶግራፍ አንሡ። ከማንኛውም ክርክር በላይ ይህ ይረዳችኋል።

መልስ (የቤት ማኅበር አባል)፦

እኔ እንዲህ ዓይነት ቦታ ከተመራላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ፤ ከተማዬ ግን ሌላ ነው። ለአሥራ አንድ ዓመት ከመምህር ደመወዜ እየቆጠብኩ፣ ከልጆቼ ጋር በአንዲት ክፍል ተከራይቼ የጠበቅሁት ቤት ነው። ዕጣው ሲወጣልን ማንም ረግረግ ነው አላለንም። መሠረቱን ስንቆፍር በአንድ ሜትር ጥልቀት ውኃ ተገኘ፤ ዛሬ የሳሎኔ ግድግዳ ከማዕዘኑ እስከ መስኮቱ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ተከፍሏል፣ ክረምት ሲመጣም የመጸዳጃ ጉድጓዳችን ሞልቶ ወደ ግቢ ይፈስሳል። ስለዚህ አደራ የምላችሁ፣ አቤቱታችሁ በቤት ፈላጊዎቹ ላይ እንዳይሆን ነው። ቦታውን የመራው አካል በምትኩ የሚቀመጥበት መሬት እንዲያዘጋጅ አብራችሁ ጠይቁ፤ ያን ጊዜ እነሱም ከእናንተ ጋር ይፈርማሉ። ግንባታ ከተጀመረ በኋላ ግን ማንም አይመለስም፤ እኔም መመለስ አልቻልኩም።

ጠያቂ (ደንገል ዳር)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህር፣ የጻፉትን ለጎረቤቶቼ አነበብኩላቸው፤ ረግረጉ ከተመራለት የቤት ማኅበር አባላት ሁለቱን የምናውቃቸው በመሆኑ ትናንት ማታ አነጋገርናቸው፤ ቦታው ክረምት ላይ ውኃ እንደሚተኛበት አልሰሙም ነበር። ምትክ ቦታ የሚጠይቀውን አንቀጽ አክለን ማመልከቻውን በሠላሳ ሁለት ሰው ፊርማ ዛሬ ጠዋት ገቢ አድርገናል፤ አንዱ ፊርማ የእነሱ ሊቀመንበር ነው። ቅጂው ላይ ማኅተምና ቁጥር አስመትተናል። ጠበቃው አንድ ነገር ቢያብራሩልኝ፦ 30 ቀኑ እስኪሞላ ድረስ አፈር መድፋቱ እንዲቆም በዚያው መሥሪያ ቤት በኩል መጠየቅ ይቻላል ወይስ ለዚህ በቀጥታ ፍርድ ቤት መሄድ ያስፈልጋል? መኪኖቹ ዛሬም ሌሊት ይመጣሉ ብለን እንሠጋለን።