አስቸኳይ፦ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት የፍቺ ስምምነት ልፈርም ነው፤ ልፈርም ወይስ ልቅር?

እናት_92 (ማታ 2:15)
ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት አስማሚው ቢሮ ሄደን እንፈርማለን። ረቂቁን ዛሬ ከሰዓት በቴሌግራም ላከልኝ፤ ሳነበው እጄ ተንቀጠቀጠ። ቤቱ ለባለቤቴ፣ የቤት ዕቃው ለእኔ፣ ልጆቹ ከእኔ ጋር፣ ቀለብ ደግሞ «ወደፊት በመነጋገር» ይላል። ቤቱ ለምን ብዬ ስደውል «ካርታው በስሙ ነው፣ ምንም ማድረግ አይቻልም» አለኝ። «ከፈረማችሁ በቃ ተፋታችኋል፣ ፍርድ ቤት መንከራተት የለም» ይላል ደግሞ። ሦስት ጊዜ ተቀምጠናል፣ ሁሌም አብረን ነው። ባለቤቴ ፊት መናገር ያቅተኛል። ዝም ስል እንደ ተስማማሁ ተጽፏል። በአስማሚ በኩል የተፋታችሁ፣ እናንተ ጋ እንዴት ነበር?

የጠዋት ጤዛ
አትፈርሚ። ጠበቃ ያዢ።

ሽበት
ልጄ፣ እኔ ለብዙ ዓመት ሽማግሌ ሆኜ ተቀምጫለሁና አንድ ነገር ልንገርሽ። የዘንድሮ አስማሚ የሚጀምረው ንብረት ከመቁጠር ነው። እኛ ስንቀመጥ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ምን አጣላችሁ?» ብለን ነበር። ባል ብቻውን ይጠራል፣ ሚስት ብቻዋን ትጠራለች፣ ከዚያ በኋላ ነው አንድ ላይ የሚቀርቡት። ስንቱ ትዳር በዚያ መሀል ድኗል። ልጆች አሏችሁ። ነገ ልትፈርሚ ከመሄድሽ በፊት ዛሬ ማታ እግዚአብሔርን ለምኚ፣ ቤተሰብም ጥሪ። ሕጉም ቢሆን አይቸኩልም፤ ፍርድ ቤት ከ3 ወር ያልበለጠ የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጣችሁ ይችላል። አንድ ቀን ጠብቂ ቢሉሽ ምን ትጎጃለሽ?

ቀጥተኛው
ጋሼ፣ ጥያቄዋ ስለ መታረቅ አይደለም።
እህቴ፣ አትቀየሚኝና አስማሚው ላይ ብቻ አትፍረጂ። አስማሚ ያንቺም ጠበቃ አይደለም፣ የእሱም። ሦስት ጊዜ ተቀምጠሽ ዝም ካልሽ ሰውየው ምን ይጻፍ? አስማሚ ማለት የሁለታችሁን ቃል ወረቀት ላይ የሚያሰፍር ሰው ነው።

ያለፈበት
@ቀጥተኛው አልስማማም። ባሏ ፊት አፏ የተያዘባትን ሴት ለብቻዋ አስወጥቶ አለማነጋገር የአስማሚ ጥፋት ነው። ሁለት ዓይነት አስማሚ አይቻለሁና ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ልክ እንዳንቺው «ፈርሙና ጨርሱ» የሚል ነበር። ቤት ውስጥ ፈረምን፣ ሁለት ምስክር ፈረመ፣ ተጨባብጠን ተለያየን። ከሁለት ዓመት በኋላ መኪናዬን ልሸጥ ስሄድ የፍቺ ማስረጃ አምጣ ተባልኩ። የለኝም! ለካ ያን ሁሉ ጊዜ በሕግ ባልና ሚስት ነበርን። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ለፍቼ ያፈራሁት ሁሉ እንደ ጋራ ንብረት ክርክር ተነሣበት። ያ ወረቀት ለምንም አልሆነኝም።

ከዚያ ክስ ሲጀመር ፍርድ ቤት መር አስማሚነት ወደሚባለው ተላክን። እዚያ ያገኘናት አስማሚ ገና ከመጀመሪያው «እዚህ ክፍል የምትናገሩት ለዳኛው አይደርስም» አለችን። የቀድሞ ባለቤቴን ለብቻ፣ እኔን ለብቻ አነጋገረችን። እውነት ለመናገር ለቀድሞ ባለቤቴ ያልነገርኳትን ፍርሃቴን እዚያ ነው የተናገርኩት፦ ልጄ ይረሳኛል ብዬ እፈራ ነበር። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለን አንድ በአንድ ጻፍን። ልጁ ትምህርት ሲዘጋ የት ይሆናል፣ እንቁጣጣሽ ከማን ጋር፣ ፋሲካ ከማን ጋር፣ ቀለቡ ደመወዝ በወጣ በስንተኛው ቀን በየትኛው ባንክ ይገባል፣ ልጁ ቢታመም ማን ይደወልለታል። አራት ገጽ ሆነ። እስከ ዛሬ አንድ ቀን አልተጣላንበትም።

የጠዋት ጤዛ
እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ጠበቃ።

ቡና ሰዓት
እኔ የገረመኝ፦ ቤቱ ለእሱ፣ ዕቃው ለእሷ፣ ልጆቹ ለእሷ። እና አልጋና ቁም ሣጥኑን ከነልጆቹ አስፋልት ላይ ልትዘረጋው ነው? ረቂቁ ላይ ልጆቹ የት እንደሚያድሩ የሚል መስመር አለ? ነገ ይህችን አንዷን ብቻ ብትጠይቂው ይበቃል።

መዝገብ ቤት
ስድስት ዓመት የቤተሰብ ችሎት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። አዲስ አበባ ነሽ ብዬ ነው የምጽፈው።

«ከፈረማችሁ ተፋታችኋል» የተባለው ስህተት ነው። ጋሽ ሽበት የሚያውቁት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ፍቺ ይወስኑ ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ያንን ሥልጣን ከሽማግሌ ወስዶ ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠ። የስምምነት ፍቺም ቢሆን ስምምነቱ ለፍርድ ቤት ቀርቦ መጽደቅ አለበት። ዳኛው ለየብቻም አንድ ላይም ሊያነጋግራችሁ ይችላል። ፈቃዳችሁ እውነተኛ መሆኑን ያያል፣ የፍቺውን ውጤት የሚመለከተው ክፍል አንዳችሁን ወይም ልጆቹን የሚጎዳ ከሆነ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ሌላውን ሊያስተካክለው ይችላል። ይህን ሰምተሽ ግን «ዳኛው ያስተካክለዋል» ብለሽ እንዳትፈርሚ። ዳኛው የሚያየው የቀረበለትን ወረቀት ነው። ፊቱ ቆመሽ «በፈቃዴ ነው» ካልሽ ውስጥሽን ከየት ያውቃል?

«ካርታው በስሙ ነው» የሚለው ደግሞ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው። አንቀጽ 63ን አንብቢ። በትዳር ጊዜ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የግሌ ነው የሚለው ነው ማስረዳት ያለበት። የጋራ ከሆነ መሠረቱ እኩል መካፈል ነው።

ቀለብ «ወደፊት በመነጋገር» የሚል ውሳኔ ደግሞ አፈጻጸም ላይ ይሞታል። ባይከፍል ምን ይዘሽ ትሄጃለሽ? የስንት ብር፣ የየትኛው ወር? መጠኑና ቀኑ ይጻፍ።

ቤቱን የገዛችሁት ከጋብቻ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

እናት_92 (ማታ 4:02)
በኋላ ነው፣ በሦስተኛው ዓመታችን። ቅድም ሳልጽፈው ረሳሁ፦ የተወሰነው ብር አባቱ ካወረሱት ቤት ሽያጭ የመጣ ነው። ቀሪውን ከደመወዛችን ነው የከፈልነው፣ የእኔ ዕቁብም አለበት። አስማሚውን ያመጣው ባለቤቴ ነው፤ የወንድሙ የሥራ ባልደረባ ነበር።

ቀጥተኛው
የወንድሙ ባልደረባ?! ይህን መጀመሪያ ብትጽፊው ኖሮ ያን አልልም ነበር። ይቅርታ እህቴ፣ ቃሌን አንሥቻለሁ። ሁለቱም ወገን እኩል ያላመነው ሰው አስማሚ አይሆንም።

መዝገብ ቤት
ያ ለውጥ ያመጣል፣ ግን አትደንግጪ። ውርስ የግል ነው። በውርስ ገንዘብ የተገዛ ነገርም የግል ሊባል ይችላል፣ ነገር ግን አንቀጽ 58 ላይ እንዳለው ተጋቢው ጠይቆ ፍርድ ቤት የግሉ ነው ብሎ ካልወሰነለት በራሱ የግል አይሆንም። እንዲህ ያለ ውሳኔ አስወስኖ ያውቃል? ዕቁቡንና የደመወዝ ክፍያውን የሚያሳይ የባንክ ወረቀት ዛሬ ማታውኑ ፎቶ አንሥተሽ ሌላ ሰው ጋ አስቀምጪ።

ለነገ፣ መሄድ ግዴታ የለብሽም። አጭር መልእክት ላኪ፦ «ረቂቁን የሕግ ባለሙያ ሳያይልኝ አልፈርምም።» በቃ፣ ምክንያት አትደርድሪ። ለጠበቃ የሚሆን ከሌለሽ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። ቤቱን ይሸጥብኛል ብለሽ ከሰጋሽ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለታችሁ ስምምነት አይሸጥም፤ መዝገብ ሲከፈት እግድ መጠየቅም ትችያለሽ።

ሽበት
ልጄ፣ እኔም ያየሁትን ነው የተናገርኩት። የወንድሙ ወዳጅ ከሆነ ግን ያ ሽምግልና አይባልም። እኛ ዘመድ የሆነ ሰው ከመሀል ይነሣ እንል ነበር። አትፈርሚ።

እናት_92 (ማታ 4:40)
መልእክቱን ላክሁ። ሁለቱም አይተውታል፣ አልመለሱም። አሁን ባለቤቴ እየደወለ ነው።

ያለፈበት
ዛሬ ማታ አታንሺው። ሲነጋ እህትሽ ወይም የምታምኚው ሰው አጠገብሽ ሆኖ አነጋግሪው።

ቡና ሰዓት
እህቴ፣ ነገ ስትችይ አንድ መስመር ጻፊልን።

አዲስ ገቢ_7
ይቅርታ በሰው ጉዳይ ገባሁ። እኔ አማራ ክልል ነኝ፣ እኛም አስማሚ ይዘናል። አዋጅ 213 ለእኔም ይሠራል?

መዝገብ ቤት
አዋጅ 213 ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው። የአማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ ብዙው ይመሳሰላል፣ የአንቀጽ ቁጥሩን ግን ከዚህ አትውሰድ። ጥያቄህን ለብቻው ክፈተውና ምን እንደ ተስማማችሁ ጻፍ፣ ንብረቱ መቼ እንደ ተገኘም አትርሳ።