እማዬ በአራት ወር ሦስቴ ሆስፒታል ተኛች፤ ኬዝ ማናጀር ይረዳት ይሆን?

የሜሪላንዷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ የልብ ድካም አለባት። ሁሌም ያው ነው፤ እግሯ ያብጣል፣ ማታ ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል፣ 911 እንደውላለን፣ በአራተኛው ቀን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ታቅፈን ቤት እንገባለን። የሌሊት ፈረቃ ስለምሠራ ኪኒኗን አጠገቧ ሆኜ አላይላትም። አሁን ሆስፒታሎቹ ኬዝ ማናጀር፣ ማለትም ከወጣች በኋላ የሚከታተላት ሰው፣ እንመድብላት ብለውኛል። የኢንሹራንስ ሰው መስሎኝ መልስ አልሰጠሁም። የሞከራችሁት ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ፣ ጨንቆኛል።

ነርስ፦
እህቴ፣ ዛሬውኑ እሺ በያቸው። የልብ ክፍል ነው የምሠራው። ሜዲኬር፣ የአረጋውያኑ የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ከ2012 ወዲህ በ30 ቀን ውስጥ ተመልሰው የሚተኙ በሽተኞች የበዙበትን ሆስፒታል ክፍያ ይቀንስበታል፣ አሁን እስከ 3 በመቶ፤ ሜሪላንድ ግን የራሷ ተመሳሳይ ደንብ አላት። ስለዚህ እነሱም እንዲመለሱ አይፈልጉም። ጥሩ ኬዝ ማናጀር በወጡ በሁለት ቀን ውስጥ ይደውላል፣ በሳምንት ውስጥ የሐኪም ቀጠሮ ያሲዛል፣ የድሮውንና የአዲሱን ኪኒን ያመሳክራል። ሁለቱንም ደርበው የሚውጡ ስንት እናቶች አይቻለሁ! ሚዛን ግዢላቸው። ጠዋት ሽንት ቤት ደርሰው፣ ቁርስ ሳይቀምሱ ይመዘኑ። በአንድ ቀን 3 ፓውንድ ወይ በሳምንት 5 ከጨመሩ እግራቸው እስኪያብጥ አትጠብቂ፣ ደውዪ።

ከቨርጂኒያ፦
የአባቴ የመጀመሪያ ኬዝ ማናጀር በስልክ ብቻ ነበር የምታገኘው፣ ያውም በእንግሊዝኛ። እሱ ለሁሉም «የስ» ይላታል፣ እሷም መዝግባ ትዘጋለች። ወር ሳይሞላው ተመልሶ ተኛ። ሁለተኛዋ አስተርጓሚ ይዛ ቤት መጣች። የኪኒን ሳጥኑን ስትከፍት የእሁዱ አልተነካም። የሚያሸናውን ከዋጠ ቅዳሴ መሀል መውጣት ሊኖርበት ነው፣ ያንን ደግሞ ያፍራል። ለሐኪሙ ነገረችው፣ ሰዓቱ ወደ ከሰዓት ተዛወረለት። ወጥ ቤትም ገባች። እኛ ጨው ትተናል እያልን ነበር፤ ለካ ሽሮውም በርበሬውም ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ሆስፒታሉ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፣ መብታችሁ ነው፣ ጠይቂ።

ሶሻል ወርከር፦
ኬዝ ማናጀር ስለተመደበ ብቻ ግን አይሳካም። በኒው ጀርሲ፣ ካምደን ከተማ፣ ደጋግመው በሚተኙ 800 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2020 ወጣ፤ ክትትል የተደረገላቸውም ያልተደረገላቸውም በስድስት ወር ውስጥ 62 በመቶ ያህሉ ተመልሰዋል። የነሱ ችግር ከአንድ በሽታ በላይ ነበር። የእናትሽ በሽታ ታውቋል፣ አንቺም አለሽላቸው። የሚመደብላቸው ሰው ስንት በሽተኛ እንደያዘ፣ ቤት ይመጣ እንደሆነም ጠይቂ።

የሜሪላንዷ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ስለ ኪኒኑ ጠየቅኳት። «በጾም ቀንማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስ» አለችኝ። ከሦስቱ ሁለቴ የተኛችው ሁዳዴ ላይ ነበር። ጠዋት ከሥራ እንደወጣሁ እደውልላቸዋለሁ።