ሁለት ሲኤስቪ ፋይሎችን በአባል ቁጥር ማጣመር፤ ጆይን ባዶ ውጤት ይሰጠኛል

መዝገብ ያዥ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው በአንድ የቡና አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ሲሆን፣ ከኤክሴል በሲኤስቪ መልክ (ዓምዶቹ በኮማ ተለይተው) ያወጣኋቸው ሁለት ፋይሎች አሉኝ። የመጀመሪያው የአባላት ዝርዝር ነው፤ የአባል ቁጥር፣ ስምና ቀበሌ በዚሁ ቅደም ተከተል ይዟል፤ ለምሳሌ «112,አልማዝ,03»። ሁለተኛው የእሸት ቡና ቅበላ መዝገብ ሲሆን ቀኑን፣ ኪሎውንና በመጨረሻው ዓምድ የአባል ቁጥሩን ይዟል፤ ለምሳሌ «12/03/2016,48,112»። ለክፍያ ዝርዝር እንዲመቸኝ ሁለቱን በአባል ቁጥር ማጣመር እፈልጋለሁ። በሊኑክስ ተርሚናል ሁለቱንም ፋይሎች ሶርት በተባለው የመደርደሪያ ትእዛዝ ከትንሽ ቁጥር ወደ ትልቅ ደርድሬ፣ ፋይሎችን በጋራ ዓምድ ለሚያጣምረው ለጆይን ትእዛዝ ብሰጠውም፣ ፋይሉ አልተደረደረም የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ከዚያ ውጭ አንድም መስመር አያትምም። ምን ቢደረግ ይሻላል?

ጥቁር መስኮት፦
ሶርትን በ«ኤን» (በቁጥር የመደርደር) አማራጭ ተጠቅመው ከሆነ ማስጠንቀቂያው የመጣው ከዚያ ነው። ጆይን የአባል ቁጥሩን የሚያየው እንደ ጽሑፍ እንጂ እንደ ቁጥር አይደለም፤ በጽሑፍ አደራደር ደግሞ 10 እና 112 ከ9 ይቀድማሉ። ስለዚህ «ኤን»ን ይተዉትና በ«ቲ» አማራጭ መለያው ኮማ መሆኑን፣ በ«ኬ» አማራጭ ደግሞ የመደርደሪያውን ዓምድ ይንገሩት፤ ለአባላቱ ፋይል «1,1»፣ ለቅበላው «3,3» ማለት ነው። «1» ብቻ ብለው ካቆሙ ሶርት ከመጀመሪያው ዓምድ ጀምሮ እስከ መስመሩ መጨረሻ ያለውን ሁሉ እንደ አንድ ቁልፍ ስለሚቆጥረው፣ ቅደም ተከተሉ ጆይን ከሚጠብቀው ሊለይ ይችላል። የቋንቋ ቅንብሩም በሁለቱ ትእዛዞች ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ እኔ «ኤልሲ ኦል» የተባለውን ተለዋዋጭ ሁልጊዜ «ሲ» አደርገዋለሁ። ለጆይን ሲሰጡም ኮማውን በ«ቲ» ነግረው፣ የመጀመሪያው ፋይል ቁልፍ 1ኛው፣ የሁለተኛው 3ኛው ዓምድ መሆኑን በ«1» እና በ«2» አማራጮች ይግለጹ። የርእስ መስመሩ ከመደርደሩ በፊት ይነሳ፤ በ«ሲ» ቅንብር የግእዝ ፊደላት ከአኃዞች በኋላ ስለሚመጡ የዓምዶቹ ስም ሄዶ ከፋይሉ ግርጌ ይቀመጣል።

መዝገብ ያዥ፦
አመሰግናለሁ። እንደተባለው አድርጌ ማስጠንቀቂያው ጠፍቷል፤ ውጤቱ ግን አሁንም ባዶ ነው። 112 በሁለቱም ፋይሎች ውስጥ መኖሩን በዓይኔ አይቻለሁ።

አሮጌ ሰርቨር፦
ፋይሎቹ ከዊንዶውስ ኤክሴል የወጡ ናቸው ብለዋል፤ ነገሩ እዚያ ላይ ነው። ዊንዶውስ እያንዳንዱን መስመር የሚዘጋው በሁለት ስውር ምልክቶች ሲሆን ሊኑክስ የሚያውቀው ሁለተኛውን ብቻ ነው። የቀረው አንዱ ምልክት በመስመሩ የመጨረሻ ዓምድ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ በቅበላው መዝገብ የመጨረሻው ዓምድ ደግሞ የአባል ቁጥሩ ራሱ ነው። በዓይን የሚታየው 112 ቢሆንም ጆይን የሚያነብበው 112 እና ጭራውን ነው። የፋይሉን ይዘት የሚያሳየውን የካት ትእዛዝ በትልቁ «ኤ» አማራጭ ቢያስኬዱት ምልክቱ ከዶላር ምልክቱ በፊት ወጥቶ ይታያል። «ቲአር» የተባለው ትእዛዝ በ«ዲ» አማራጭ ያጠፋዋል። የአባላቱን ፋይልም አብረው ያጽዱት፤ እዚያ ጭራው ያለው ቀበሌው ላይ ስለሆነ መገጣጠሙን አይከለክልም፤ ነገር ግን ጠቋሚውን ወደ መስመሩ መጀመሪያ እየመለሰ በስክሪኑ ላይ አንዱን ጽሑፍ በሌላው ላይ ያስጽፈዋል። ካጸዱ በኋላ እንደገና መደርደርዎን አይርሱ።

ኦክ ብቻ፦
ለዚህ ሁሉ መደርደር አስፈላጊ አይመስለኝም። ኦክ የተባለው የጽሑፍ ማቀነባበሪያ ትእዛዝ የአባላቱን ፋይል በቅድሚያ አንብቦ፣ ስሙንና ቀበሌውን በአባል ቁጥር ተራ በማስታወሻ ውስጥ ይይዛል፤ ቀጥሎ የቅበላውን መዝገብ መስመር በመስመር ሲያነብ ተዛማጁን እያወጣ ያትማል። «ኤንአር» (በጠቅላላ የተነበቡት መስመሮች ብዛት) ከ«ኤፍኤንአር» (አሁን ከሚነበበው ፋይል ብቻ የተነበቡት) ጋር እኩል የሆነበት ጊዜ የመጀመሪያው ፋይል እየተነበበ ነው ማለት ነው፤ ዘዴው በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። የቅበላው መዝገብ የቀን ቅደም ተከተሉን እንደያዘ ይወጣል፤ ለክፍያ ሥራ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

አሮጌ ሰርቨር፦
ኦክን አልቃወምም፤ ነገር ግን ገንዘብ የሚከፈልበት ዝርዝር ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። በአባላቱ ፋይል ውስጥ አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ከሆነ፣ ጆይን እያንዳንዱን ቅበላ ከሁለቱም ጋር እያጣመረ 48ቱን ኪሎ 96 ያደርገዋል፤ ኦክ ደግሞ የኋለኛውን ብቻ ይዞ የፊተኛውን ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይጥለዋል። ሁለቱም አይነግሩዎትም። ስለዚህ ከማጣመርዎ በፊት የቁጥሩን ዓምድ በ«ከት» ቆርጠው በማውጣት፣ ደርድረው፣ በ«ዩኒክ» የ«ዲ» አማራጭ ድግግሞሽ መኖር አለመኖሩን ይፈትሹ። ከዚያ ጆይንን በ«ቪ» አማራጭና በ2 ቁጥር ቢያስኬዱት ባለቤት ያላገኙትን ቅበላዎች ለብቻ ይሰጥዎታል። ስሞቹ በጥቅስ ውስጥ ኮማ የያዙ ከሆኑ ግን ጆይንም ሆነ ተራው ኦክ ጥቅሱን አያከብሩም፤ ያን ጊዜ ፋይሎቹን ኤስኪውላይት ወደተባለው የመረጃ ቋት አስገብቶ መሥራት ይሻላል።

መዝገብ ያዥ፦
ጭራው ሲጠፋ አብዛኛው መስመር ገጠመ፤ በአባላቱ ፋይልም የተደጋገመ ቁጥር የለም። በ«ቪ» የወጡት ቅበላዎች ግን ሁሉም ከአንድ መቀበያ ጣቢያ የመጡ ሲሆኑ ቁጥራቸው «0112» እየተባለ በዜሮ ተጀምሮ የተጻፈ ነው።

ኦክ ብቻ፦
ኦክ ላይ በ3ኛው ዓምድ ላይ ዜሮ ይደምሩበት፤ ያኔ ዓምዱ እንደ ቁጥር ስለሚታይ የፊት ዜሮው ይወድቃል። የርእስ መስመሩን ካላነሱት ግን እሱንም 0 ያደርገዋል፤ ከሁለተኛው መስመር ጀምሮ ብቻ እንዲሠራ ያድርጉት። የሚደምሩበትን ፋይል ለጆይን የሚሰጡት ከሆነ፣ ድመራው ከመደርደሩ በፊት ይሁን።