ወፍራሙ የድሮ መልክ ፎንት ለግእዝ ፊደል ይስማማል?

አወያይ፦ ኩፐር ብላክን የመሰሉ፣ ያለፈውን ዘመን የሚያስታውሱ ወፍራም የላቲን ፎንቶች (የፊደል ቅርጾች) ለሎጎና ለርዕስ ዳግም ተፈላጊ ሆነዋል። የአማርኛ ርዕሶችና የድርጅት ስሞችስ በዚሁ መልክ ሊጻፉ ይገባል?

የማስታወቂያ ባለሙያ፦ ይገባል እላለሁ። ኩፐር ብላክ የአሜሪካዊው የፊደል ቀራጭ የኦስዋልድ ኩፐር ሥራ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1922 በቺካጎ ለገበያ ከዋለ አንድ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ሆኖም ኢዚጄት የተባለው አየር መንገድ ዛሬም በአውሮፕላኖቹ ላይ ስሙን የሚጽፈው በእርሱ ነው። የምግብ ቤቱ ድርጅት በርገር ኪንግም እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ቀድሞ አርማው ሲመለስ ያስቀረጸው ፊደል ወፍራምና ድቡልቡል ነው። ጠርዙ ስለተድቦለቦለ ውፍረቱ አይከብድም፤ ከሩቅም ይነበባል። የእኛ የሱቅ ስሞች ግን ለመጽሐፍ በተሠራ ቀጭን ፎንት ስለሚጻፉ ከመንገድ ማዶ አይታዩም።

የፊደል ንድፍ ባለሙያ፦ የወንድሜን ሐሳብ በግማሽ እቀበላለሁ። የላቲን ፊደላት በአብዛኛው በጠቅላላ ቅርጻቸው ስለሚለያዩ ውፍረትን ይችላሉ፤ በግእዝ ግን «ቢ»ን ከ«ቤ» የሚለያት በቀኝ እግሯ ጫፍ ያለች ትንሽ ምልክት ብቻ ናት፤ የአንደኛዋ ጭረት፣ የሌላዋ ቀለበት። ዲዛይነሩ ቀጭኑን ፎንት ወስዶ ዙሪያውን በመስመር ሲያወፍረው የቀለበቷ ቀዳዳ ይደፈንና «ቤት» የሚለው «ቢት» መስሎ ይታያል፤ የ«ፀ»ን ሆድ የሚከፍለው መስመርም ይጠፋል። እንዲህ ያለ ባነር ባየሁ ቁጥር ከልቤ አዝናለሁ፤ የድርጅቱ ባለቤት የከፈለበት የገዛ ስሙ እንዲነበብለት ነውና።

ሆኖም ውፍረት ይከልከል አልልም። በመቃ ብዕር ብራና ላይ ይጽፉ የነበሩ ቁም ጸሐፊዎች ቋሚውን ጭረት አወፍረው አግድሙን ያቀጥኑ ነበር፤ በጎንደር ዘመን የዳበረው ጉልህ የሚባለው ጽሕፈትም ትልቅና ደማቅ ሆኖ ሳለ እያንዳንዱ ፊደል ተለይቶ ይነበባል። የድሮ መልክ ከተፈለገ ከቺካጎ ይልቅ ከዚያ መነሣት ይሻላል፤ ቋሚው ይወፍር፣ ቀለበቷ ግን ተለቅ ብላ ቀዳዳዋ ይከፈት፣ በፊደላት መካከል ያለው ክፍተትም ይስፋ።

መምህር፦ በዚህ እስማማለሁ። ፊደል የቆጠሩ ሕፃናት ማንበብን የሚለማመዱት በየመንገዱ ያለውን ጽሑፍ እያነበቡ ጭምር ስለሆነ፣ የተደፈነ ቀለበት ለእነርሱ ቀላል ጉዳት አይደለም።

የማስታወቂያ ባለሙያ፦ የተባለው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከ200 በላይ ፊደላትን እንደ አዲስ መሣል ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። ደንበኛው ደግሞ በሳምንት ውስጥ እንዲደርስለት ይፈልጋል።

የፊደል ንድፍ ባለሙያ፦ ለድርጅት ስም ሁሉም ፊደላት አያስፈልጉም፤ በስሙ ውስጥ ያሉትን አራት ወይም አምስት ፊደላት በእጅ ሥሎ ማስተካከል ይበቃል፤ ይህም በአንድ ሳምንት ይደርሳል። የጋዜጣ ርዕስ ግን ማናቸውም ቃል ሊገባበት ስለሚችል ሙሉውን የፊደል ገበታ ይጠይቃል። ስለዚህ ሎጎው ዛሬ ይጀመር፤ ጋዜጦች ግን ለግእዝ ተብሎ የተቀረጸ ሙሉ ፎንት እስኪያገኙ ድረስ በነባሩ ደማቅ ፊደላቸው ቢቆዩ እመርጣለሁ።