ክርክር፦ ዋናተኛን ለማዳን ሲባል ሻርክ ይገደል?

ሔኖክ፦ ጥያቄው ይሄ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ኒው ሳውዝ ዌልስ ከ1937 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጀምሮ መዋኛ ዳርቻዎቿ ላይ መረብ ትዘረጋለች። ኩዊንስላንድም ከ1962 ወዲህ መረብና ትልልቅ መንጠቆ ትጠቀማለች። ዓላማው ትልልቅ ሻርኮችን ማጥመድ ነው። ሰው በተነከሰ ቁጥር አንዱ ወገን «ይጨመር» ይላል፣ ሌላው «ይነሳ» ይላል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ጋሽ ታደሰ፦ ይጨመር! የሰው ሕይወት ከዓሣ ጋር አይመዘንም። የደቡብ አፍሪካዋን ደርባንን ተመልከቱ። ከ1943 እስከ 1951 ባሉት ዓመታት ሰባት ሰው በሻርክ ሞቶባታል። በ1952 መረብ ተዘረጋ። ከዚያ ወዲህ በከተማዋ መዋኛ ዳርቻዎች በሻርክ የሞተ ሰው የለም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?

ማርታ፦ ጋሽ ታደሰ፣ የደርባኑን አልክድም። ግን መረቡ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ብዙ ሰው ባሕሩን ከዳር እስከ ዳር የሚዘጋ አጥር ይመስለዋል። አይደለም። የኒው ሳውዝ ዌልሱ 150 ሜትር ርዝመት፣ 6 ሜትር ቁመት ያለው ቁራጭ መረብ ነው። ሻርክ በላዩም፣ በሥሩም፣ በጎኑም ያልፋል። ሥራው ሻርኩን አጥምዶ ቁጥሩን መቀነስ ነው፤ ዋናተኛውን አይከልልም። ደግሞ መርጦ አይዝም። ዶልፊን ይገባበታል፣ የባሕር ኤሊ ይገባበታል፣ ሰው ነክሶ የማያውቅ የሻርክ ዝርያ ይገባበታል። ዶልፊን ለመተንፈስ ወደ ላይ መውጣት አለበት። መረቡ ከያዘው እዚያው ታፍኖ ይሞታል።

መግደል ሁልጊዜ ይሠራል የሚለውም አያስኬድም። ሃዋይ ከ1959 እስከ 1976 ድረስ 4,668 ሻርክ ገድላለች። ጥቃቱ ግን ይሄ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ምዕራብ አውስትራሊያ ደግሞ በ2014 ለጥቂት ወራት መንጠቆ ጥላ 172 ሻርክ ያዘች። ነጭ ሻርክ ከሚባለው ትልቅ ዝርያ ለመከላከል ነበር የተጀመረው፤ ከተያዙት ውስጥ አንድም ነጭ ሻርክ አልነበረም። አብዛኛው ታይገር ሻርክ የሚባል ሌላ ዝርያ ነው። ታዲያ ማን ከምን ዳነ?

ጋሽ ታደሰ፦ ልጁን ያጣ አባት ፊት ቆመሽ ይሄን ትይዋለሽ?

ማርታ፦ አልለውም። ለእሱ ሐዘን መልስ የለኝም። ግን የማይሠራ ነገር ሠርተን «አይዞህ፣ አሁን ደኅና ነው» ማለትም ለእሱ ክብር አይደለም።

ልዑል፦ ፍርሃቱን ራሱን ብናየው ጥሩ ነው። ፍሎሪዳ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የሻርክ ጥቃት መዝገብ እንደሚያሳየው፣ ሰው ሳይተናኮላቸው ሻርኮች የሚያደርሱት ጥቃት በመላው ዓለም በዓመት በአማካይ ከ60 እስከ 70 ነው። የሚሞተው ስድስት ሰው ገደማ ነው። ይሄን ቁጥር ያወቀ ሰውም ግን ውሃ ውስጥ እግሩን አንድ ነገር ሲነካው ልቡ ትዘላለች። ሰው ሞትን ብቻ አይደለም የሚፈራው። መበላትን ይፈራል። ያውም ከማያየው ቦታ፣ ሮጦ በማያመልጥበት ውሃ ውስጥ። በ1916 ኒው ጀርሲ ላይ በ12 ቀን ውስጥ አራት ሰው ሲሞት አሜሪካ በሙሉ ተሸብሮ ነበር። ያው ሰው ግን ገንዘብ ከፍሎ በብረት ጎጆ ውስጥ ሆኖ ነጭ ሻርክ አፍንጫ ሥር ይገባል። እኔ በሁለቱ መካከል ተቃርኖ አይታየኝም። የሚያስፈራን ነገር ዓይናችንንም ይይዛል። የሚያሳዝነኝ፣ ሕግ የሚወጣው ድንጋጤው ሳይበርድ መሆኑ ነው።

ሰናይት፦ በዚህ ላይ አልስማማም። የዓለም አማካይ ለአንዲት ደሴት ምኗም አይደለም። ሬዩኒየን በምትባለው የሕንድ ውቅያኖስ ደሴት ላይ ከ2011 እስከ 2019 አሥራ አንድ ሰው ሞቷል። የሕዝቧ ብዛት አንድ ሚሊዮን እንኳን አይሞላም። በ2013 ዋናና ሰርፊንግ (በጣውላ ላይ ቆሞ በማዕበል መንሸራተት) በአብዛኛው ዳርቻዋ ተከለከለ። እዚያ ላለ ሰው «ዕድሉ ትንሽ ነው» ብትሉት ስድብ ነው የሚሆንበት። ፍርሃቱን ድንጋጤ ብቻ አታድርጉት።

ግን መፍትሔው የግድ መግደል አይደለም። የብራዚሏን ሬሲፌ ውሰዱ። ከ1992 ጀምሮ ጥቃት በዛባት። ተመራማሪዎች በስተ ደቡብ ከተሠራው የሱዋፔ ወደብ ጋር ያያይዙታል። እዚያ ሻርኩን ከነሕይወቱ ይዘው ራቅ ወዳለ ጥልቅ ውሃ ወስደው ይለቁት ነበር። ሥራው በሚካሄድባቸው ወራት ጥቃቱ በጣም ቀንሷል። ሰውም ዳነ፣ ሻርኩም ዳነ።

ጋሽ ታደሰ፦ ይሄኛው ይገባኛል። ግን ተመልሶ አይመጣም ወይ?

ሰናይት፦ አንዳንዱ ሊመለስ ይችላል፤ ለዚህ ነው ሥራው መቋረጥ የሌለበት። ገንዘብም ሰውም ይፈልጋል።

ማርታ፦ ኬፕታውንም ከ2004 ጀምሮ ተራራ ላይ ጠባቂ ታስቀምጣለች። ሻርክ ሲታይ ሳይረን ይጮኻል፣ ባንዲራ ይቀየራል፣ ሰው ከውሃ ይወጣል። ዛሬ ደግሞ ድሮን አለ። እኔ ዳርቻው ያለ ጠባቂ ይቅር አላልኩም። የምፈራው ሌላ ነው፤ የሻርክ ቁጥር በቀላሉ አይተካም። ሴቷ ነጭ ሻርክ ለመውለድ እስክትደርስ 30 ዓመት ገደማ ሊወስድባት ይችላል። ከባሕር ዳር ርቀው በሰፊው ውቅያኖስ የሚኖሩ ሻርኮችና ሬዮች (ጠፍጣፋ የሻርክ ዘመዶች) ከ1970 ወዲህ በ71 በመቶ ቀንሰዋል። ዋናው ምክንያት ዓሣ አስጋሪነት እንጂ የመዋኛ መረብ አይደለም። ቢሆንም በተመናመነ ነገር ላይ መጨመር ለምን?

ልዑል፦ ሮድኒ ፎክስ የሚባል አውስትራሊያዊ አለ። በ1963 ነጭ ሻርክ ነክሶት ለጥቂት ነው የተረፈው። በኋላ ሰዎች ነጭ ሻርክን በብረት ጎጆ ሆነው እንዲያዩ መንገድ ከከፈቱት አንዱ ሆነ፣ ለሻርኮች ጥበቃም ቆመ። ከእሱ የበለጠ የመጥላት መብት ያለው ማን ነበር?

ጋሽ ታደሰ፦ እሱ የተረፈ ነው፣ ልዑል። ያልተረፉት ምን እንደሚሉ አናውቅም። እኔ አቋሜን ላስቀምጥ። ድሮን፣ ጠባቂ፣ ሳይረን ገብቶ መሥራቱ እስኪረጋገጥ ድረስ መረቡ አይነሳ። መጀመሪያ ምትኩ ይምጣ። ውሃው ደፍርሶ ድሮን በማያይበት ቀን ደግሞ ዳርቻው ይዘጋ፣ ማንም አይግባ።

ማርታ፦ ሲደፈርስ ይዘጋ በሚለው እስማማለሁ። መረቡ ግን ዶልፊኖቹና ኤሊዎቹ በብዛት በሚያልፉበት ወቅት ይነሳ እላለሁ።

ሔኖክ፦ ማንም ያላነሳው አንድ ነገር አለ። በሻርክ ተነክሰው ከሚሞቱት ብዙዎቹ የሚሞቱት ደም ፈሷቸው ነው። እግር ወይም እጅ ከሆነ፣ ከቁስሉ በላይ ጠበቅ አድርጎ ማሰር በደቂቃዎች ውስጥ ሰው ያድናል። ይሄ ማሰሪያ በየዳርቻው ይቀመጥ፣ የአጠቃቀሙ ትምህርትም ለሰርፈሮች ይሰጥ ቢባል ከሁለታችሁ የሚቃወም አለ?

ጋሽ ታደሰ፦ የለም። እሱ ዛሬውኑ ይጀመር።